ስለ ሕፃን ልብስ ሣጥን

ሌላው ልብስ ሁሉ የሚሻረው ሲያረጅ ነው፤ የሕፃን ልብስ ግን ገና አዲስ ሳለ ይሻራል። አባት ካፖርቱን ዐሥር ዓመት ይለብሰዋል፤ ክርኑ ሲያልቅ እራፊ ያስለጥፍበታል፤ ቀለሙ ሲለቅ ለሰፊ ሰጥቶ ያስገለብጠዋል። እናትም የክት ቀሚሷን ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ሠርግ እያደረሰች ብዙ ዘመን ታኖረዋለች። ሕፃን ግን ልብሱን ለብሶ አይጨርሰውም፤ አልፎት ይሄዳል እንጂ። በጤና የተወለደ ልጅ በተወለደበት ቀን ሦስት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቁመቱም ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። በአምስት ወሩ ክብደቱ እጥፍ፣ በዓመቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ቁመቱም 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ በሐምሌ ሰፍቶት እጁ የጠፋበት ሹራብ ለገና ክርኑ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ተራ ነገር ነው፤ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ከዚህ ተራ ነገር አንድ ተራ ያልሆነ ጥያቄ ይወለዳል፤ ይኸውም ልጁ ያለፈው ልብስ የማን ነው? የሚል ነው። የልጁ ነው እንዳይባል ልጁ ሊለብሰው አይችልም። የወላጆቹ ነው እንዳይባል እነርሱም ሊለብሱት አይችሉም። ሣጥኑ ግን ተቆልፎበታል።

ይህን ጥያቄ ለወጣት አንባቢዎች ማቅረቤ ምናልባት ያስገርም ይሆናል። የሕፃን ልብስ የእናቶች ጉዳይ ነው፤ ለተማሪ ምን ይረባዋል? የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ሰው ስለ ገንዘብ ያለውን አሳብ የሚማረው ገንዘብ ካገኘ በኋላ ነው ብዬ አላምንም። በሕፃንነቱ የለበሰው ሹራብ ለማን እንደ ደረሰ፣ ወይም ለማንም ሳይደርስ በሣጥን ውስጥ እንዴት ብል እንደ በላው እያየ ያደገ ልጅ፣ «የእኔ» የሚለውን ቃል ትርጉም ከዚያው ከሣጥኑ አጠገብ ተምሮት ያድጋል። ደግሞም ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ቆይታችሁ አባትና እናት ትሆናላችሁ፤ ያን ጊዜ እንቅልፍ አጥታችሁ ስለምትሰነብቱ ለማሰብ ጊዜ አይኖራችሁም። ስለዚህ አሁን አስቡበት።

አስቀድሜ ስለ ሣጥኑ አደራደር ጥቂት ልናገር፤ ሥርዓት ስለሌለው ሣጥን ምንም ጥያቄ መጠየቅ አይቻልምና። ልብሱ ሁሉ በአንድ ፌስታል ተጠቅጥቆ ከተቀመጠ የትኛው እንደ ጠበበ፣ የትኛውም ሳይለበስ እንደ ቀረ የሚያውቅ የለም። የሕፃን ልብስ ሲደረደር መለኪያው የልጁ ሰውነት እንጂ በልብሱ አንገት ላይ የተጻፈው ወር አይደለም። ከውጭ አገር በሚመጣው ልብስ ላይ ከዜሮ እስከ ሦስት ወር፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚል ይጻፍበታል፤ ሰፊዎቹ ግን አይተዋወቁምና የአንዱ ሦስት ወር የሌላው ስድስት ወር ይሆናል። የአውሮፓ ሰፊዎች በልጁ ቁመት እየለኩ 50፣ 56፣ 62፣ 68 ብለው በየስድስት ሳንቲ ሜትሩ ይቈጥራሉ፤ ይህ የተሻለ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልብሱን በተኛው ልጅ ላይ ዘርግቶ ማየት ነው።

በየቀኑ የሚያስፈልገው ሽንት ጨርቅ፣ ከነቴራ፣ ካልሲና ኮፍያ እናት አንድ እጇን ከልጁ ሳታነሣ ሌላው እጇ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ልጅ ከአልጋ ተንከባልሎ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ጨርቅ ለማምጣት ዘወር በተባለበት ደቂቃ ነውና። እናት እላለሁ እንጂ አባትም ቢሆን የካልሲውን ቦታ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ሚስቱ ስትታመም የልጁን ልብስ ፍለጋ ቤቱን የሚያተራምስ ወንድ ስንት አለ! ቀጥሎ የሚመጣው መጠን ከበታቹ ባለው መሳቢያ ይቀመጥ፤ በየጊዜው ካልታየ ልጁ ሳይለብሰው ያልፈዋል። ያለፈው ደግሞ ለብቻው ይሁን። ይህን ለማድረግ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን አያስፈልግም። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት ከአልጋቸው ሥር አንድ ሻንጣና ሁለት ካርቶን አድርገው ከብዙ ባለ ቪላዎች ይልቅ አሳምረው ሲያደራጁ አይቻለሁ። የጥንቶቹ እናቶቻችንም ቢሆኑ ጓዛቸውን በቋጠሮና በአንዲት የእንጨት ሣጥን ያኖሩ ነበር፤ ከቋጠሮውም ውስጥ የፈለጉትን በጨለማ ዳስሰው ያወጡ ነበር።

በዚህ አደራደር ውስጥ የሚያስቸግረኝ የክቱ ልብስ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዐረብ አገር አክስት የላከችው ባለ ክራቫት ሱፍ ወይም ባለ ጥልፍ ነጭ ቀሚስ ይመጣል። «ይህስ ለክርስትናው» ተብሎ ይቀመጣል። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ልብሱ ገና ሰፊ ነው። «እንግዲያው ለጥምቀት» ይባላል። በጥምቀት ልጁ ጉንፋን ይይዘውና ከቤት አይወጣም። ለፋሲካ ልብሱ ከሣጥን ሲወጣ በራስ አልገባ ይላል። አክስቲቱ ፎቶግራፍ ስለምትጠይቅ ልጁ እያለቀሰ፣ ልብሱ ከኋላው በመርፌ ቁልፍ ተይዞ፣ አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ይነሣበታል፤ ከዚያም ተመልሶ ይቆለፍበታል። ልብሱ ለልጁ ተልኮ ነበር፤ አሁን ግን ልጁ ልብሱን አንድ ቀን አገለገለው። ይህን በማሾፍ የምናገር አይምሰላችሁ። ላኪዋ በሰው ቤት እየሠራች ከደመወዟ ቀንሳ የገዛችው ሊሆን ይችላልና ልብሱ መከበሩ መልካም ነው። እኔ የምጠይቀው ልብስ የሚከበረው በመለበስ ነው ወይስ በመቆለፍ? ብዬ ነው።

ልብሱን ከልጁ አስበልጠን የምናይበት ሌላ ነገር አለ፤ ይህ እንኳ ለቀልድ የሚሆን አይደለም። ብል ልብስ እንዳይበላ ብዙ ሰው በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነጫጭ የናፍታሊን ክኒን ይጥላል። ሽታው በልብሱ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ልጆች ደግሞ ጂ 6 ፒዲ የሚባለው፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ከጉዳት የሚጠብቀው ኤንዛይም በተፈጥሮ ጐድሏቸው ይወለዳሉ፤ ይህ ጉድለት በአፍሪካ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያና በእስያ ይገኛል። እንዲህ ያለው ሕፃን ናፍታሊን በጠጣ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲጠቀለል፣ ናፍታሊኑ በትንፋሹና በቆዳው ገብቶ ቀይ ደሙን ይሰባብርበታል። ዓይኑና ገላው ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው እጅግ ሲበረታም አንጐልን ይጐዳል፤ በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። ወላጆቹ ልጃቸው ይህ ጉድለት እንዳለበት አብዛኛውን ጊዜ አያውቁም። እንግዲህ በሕፃን ልብስ አጠገብ ናፍታሊን ፈጽሞ አይቀመጥ። ተቀምጦበት የኖረ ልብስም በደንብ ሳይታጠብና ብዙ ቀን አየር ሳይመታው ለአራስ ልጅ አይልበስ። በፀሐይ ደርቆ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይበቃዋል። ብል ቢበላውስ? ብል የበላው ሹራብ ይጣፋል።

ከፍ ያለ የመሳቢያ ሣጥንም እንዲሁ ነው። መራመድ የጀመረ ልጅ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ አድርጎ ሲወጣባቸው ሣጥኑ በላዩ ይገለበጣል። በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ልጆች ስለ ሞቱ፣ በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ሣጥን ሠሪዎች በቀላሉ የማይገለበጥ አድርገው እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። ለእኛ ግን ሕግ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ አናጢ ጠርቶ ሣጥኑን ከግድግዳው ጋራ በብረት ማያያዝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሣጥኑ መሞላት ያለበት ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው ወይስ ከተወለደ በኋላ? በዚህ ላይ የአሮጊቶቻችንን አሳብ መናቅ አልወድም። ብዙዎቹ ልጁ ሳይወለድ ልብስ መግዛትን አይወዱም፤ «በሰላም ይምጣ እንጂ ልብሱ አይጠፋም» ይላሉ። ይህን የሚሉት ከድንቁርና አይደለም። ከወለዷቸው ልጆች ሦስቱን አራቱን የቀበሩ ሴት፣ በልብስ የተሞላ ሣጥን አጠገቡ ልጅ ሳይኖር ሲያዩ ምን እንደሚያስታውሳቸው እኛ አናውቅም። ይሁን እንጂ ፍርሃት ይከበር ማለት ፍርሃት ይታዘዙት ማለት አይደለም። አራስ ልጅ ከሞቀ ማኅፀን እርጥብ ሆኖ ወጥቶ ሙቀቱን ቶሎ የሚያጣ ፍጥረት ነው። የሚደርቅበት ፎጣና የሚጠቀለልበት ጨርቅ የሚያስፈልገው በተወለደበት ደቂቃ ነው፤ አባቱ ሱቅ ደርሶ እስኪመለስ አይጠብቅም። ስለዚህ ጥቂቱ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ለአሮጊቲቱም ክብር ሲባል ሳይወራ ይዘጋጅ።

ስለዚህ ነገር የፊንላንድ መንግሥት የሠራውን ሳላነሣ አላልፍም። ያች አገር በ1930ዎቹ ድኻ ነበረች፤ ከሚወለዱት ከ1,000 ሕፃናት 65 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1937 ሕግ ወጥቶ ከ1938 ጀምሮ ለድኾች እናቶች የሕፃን ልብስና ጨርቅ የያዘ ሣጥን ይሰጥ ጀመር፤ በ1949 ደግሞ ለእናቶች ሁሉ ሆነ። ሣጥኑ የካርቶን ነው፤ ልብሱ ሲወጣለት ለሕፃኑ የመጀመሪያ አልጋ ይሆነዋል። ይህን ስጦታ ለመቀበል ግን እናቲቱ እርግዝናዋ ገና ሳይገፋ በሐኪም ወይም በአዋላጅ መታየት አለባት። የሕፃናቱን ሞት የቀነሰው ሣጥኑ ብቻውን ነው ቢባል አልስማማም፤ ሐኪሙም፣ ንጹሕ ውኃውም፣ ምግቡም አብረው ሠርተዋል። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ የሀብታሙም የድኻውም ልጅ በአንድ ዓይነት ሣጥን ሊተኛ መቻሉ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ታላቁ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያ ሰዎችን ሲያስተምር፣ በሣጥን ተቆልፎ የሚኖረው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ ነው እያለ ሀብታሞችን ገሥጿቸዋል። ይህ ትምህርት ስለ ትልቅ ሰው ልብስ ሲነገር ባለ ልብሱ የሚመልሰው አያጣም፤ ነገ እለብሰዋለሁ፣ ብርድ ይመጣል፣ ይህ የለበስሁት ያልቃል ይላል። መልሱ ደካማ ቢሆንም መልስ ነው። የሕፃኑ ልብስ ግን ይህ መልስ እንኳ የለውም። ልጁ ወደ ኋላ አያድግም። ምንም ያልጐደለበት፣ ነገር ግን ባለቤቱ ዳግመኛ ሊጠቀምበት ፈጽሞ የማይችል ንብረት ቢፈለግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

አንድ ብልህ ወጣት ምናልባት እንዲህ ሲል ይከራከረኝ ይሆናል፤ «ልብሱ የልጁ ነው፤ ወላጆቹ ባለ አደራ ናቸው። በሕግም ቢሆን አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ንብረት የሚተዳደረው ለልጁ ጥቅም ነው። ልጁ ሳይጠየቅ ንብረቱን ለሌላ መስጠት ምን መብት አላቸው?» ክርክሩ ያስደስተኛል፤ አደራ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለምና። ነገር ግን ይህ ልጅ ራሱ በመጀመሪያው ቀን የተጠቀለለው በምን ነበረ? በእናቱ ነጠላ፣ በአያቱ ጋቢ፣ የጎረቤት ልጅ ባለፈው ከነቴራ አይደለምን? ሳይጠይቅ ተቀበለ፤ ሊጠይቅ የሚችልበት አፍም አልነበረው። ሳይጠይቅ የተቀበለ ሳይጠየቅ ቢሰጥ አደራው ፈረሰ አይባልም። እኔ እንደማስበው አደራው የሚፈርሰው ልብሱ ሣጥን ውስጥ ሲበሰብስ ነው፤ ያን ጊዜ ለልጁም ለሌላውም አልሆነምና።

ለሚቀጥለው ልጅ ነው የሚባለው መልስ ግን እውነተኛ መልስ ነው፤ በብዙ ቤት ሁለተኛው የሚለብሰው የመጀመሪያውን ነው። ይህ መልስ ዕድሜ አለው እንጂ። ሁለት ሦስት ዓመት ቢጠበቅ ተገቢ ነው፤ ታናሹ ልጅ ተማሪ ቤት ከገባ በኋላ ግን ያ «የሚቀጥለው» የሚባለው ልጅ ለሣጥኑ የተፈጠረ ሰበብ ነው። እሸጠዋለሁ የምትል እናትም አትነቀፍም። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩት ነጋዴዎች አሮጌ ልብስ ወስደው የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ። ልጇን የምታጥብበት ሳፋ የሌላት ሴት የጠበበውን ልብስ በሳፋ ብትለውጥ የልጁን ገንዘብ ለልጁ አዋለችው እንጂ ምን አጠፋች? እኔ የምወቅሰው የማይሰጠውንም፣ የማይሸጠውንም፣ የማያለብሰውንም ነው።

ይህን ስል አንድ ከባድ ነገር ፊቴ ይቆማል፤ እርሱም መታሰቢያ ነው። እናት የመጀመሪያውን ኮፍያ አሽትታ ታስቀምጣለች። ይህን የሚንቅ ሰው ልብ የለውም። ያ የሦስት ወር ልጅ በሕይወት ቢኖርም ዛሬ በቤት ውስጥ የለም፤ በእርሱ ፈንታ የሚሮጥና የሚከራከር ሌላ ልጅ ቆሟል። ኮፍያው ግን የዚያን ልጅ የራሱን ልክ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ መታሰቢያ ጥቅም አይደለም አልልም። ለመታሰቢያ ምን ያህል ይበቃል? ነው ነገሩ።

በለንደን ከተማ ቶማስ ኮራም የሚባል የመርከብ አለቃ በ1739 ከንጉሡ ፈቃድ አግኝቶ እናቶቻቸው ሊያሳድጓቸው ላልቻሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋመ፤ ቤቱም በ1741 ሕፃናት መቀበል ጀመረ። የሕፃኑ ስም ይለወጥ ነበር። ስለዚህ አንዲት እናት ኑሮዋ ተሻሽሎ ልጄን ልውሰድ ብትል ልጁ የሚታወቅበት ምልክት ያስፈልግ ነበር። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከሕፃኑ ልብስ ወይም ከእናቲቱ የተቆረጠ ትንሽ ጨርቅ ነው፤ ከመዝገቡ ወረቀት ጋራ በመርፌ ይያያዛል። እነዚያ ቁራጮች በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ዛሬም በዚያው በለንደን በመዝገብ ቤት ይገኛሉ፤ አንዱ አበባ ያለበት ነው፤ ሌላው ባለ መስመር ነው። ከ1741 እስከ 1760 ድረስ ከ16,000 የሚበልጡ ሕፃናት ገብተው ተመልሰው የተወሰዱት 152 ብቻ ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ በዚያው ሞተዋል። ይህን ታሪክ ሳስብ መዳፍ የማታህል ጨርቅ ስንት ነገር መሸከም እንደምትችል ይገባኛል። መታሰቢያ ሣጥን ሙሉ ልብስ አይፈልግም።

ነገር ግን ልጅ የሞተባትን እናት ምን እንላታለን? አንዲት የዘመዴ ልጅ የመጀመሪያ ልጇ በአምስት ወሩ በሳንባ ምች ሞተባት። ልብሱን ሁሉ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በአንድ ሻንጣ አድርጋ ከአልጋዋ ሥር አኖረችው። ሦስት ዓመት ማንም አልነካውም። ባሏ አንድ ቀን ስለ ሻንጣው ቢያነሣባት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ዓመት ክረምት በዚያው ግቢ በኪራይ የምትኖር የአንድ ቀን ሠራተኛ ሚስት ወለደች። ሕፃኑን የምትጠቀልልበት አንድ ያረጀ ነጠላዋና የባሏ ሸሚዝ ብቻ ነበረ። ጊዜው ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፤ የታጠበ ጨርቅ አይደርቅም። የሕፃኑ ልቅሶ በግድግዳው በኩል ይሰማል።

በዚያን ጊዜ የባስልዮስን ትምህርት ይዞ ወደዚያች እናት የሚሄድ ሰው ባገኝ ከደጅ እመልሰው ነበር። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ሆኖም እውነት የሆነ ነገር ሁሉ በማንኛውም ሰው አፍ አይነገርም። የታረዘው ሕፃን በልብሱ ላይ መብት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ያን መብት ከኀዘንተኛ እጅ ነጥቆ የሚያስከብር ዳኛ ግን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ብትሰጥ እሰየው፤ ባትሰጥ ዝም እንላታለን። የጐደለውንም እኛ ሌሎቹ፣ ልጆቻችን በሕይወት ያሉልን፣ ከየሣጥናችን እንሞላዋለን። ዕዳው ቀድሞ የእኛ እንጂ የእርስዋ አይደለምና። በጣም የሚያስቈጣኝ ይህ ነው፤ በዚያ ግቢ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሣጥናቸውም ባዶ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ግን ዓይኑን የጣለው በሟቹ ልጅ ሻንጣ ላይ ነበረ። ከሰው ኀዘን መጠየቅ ከራስ ሣጥን ከመክፈት ቀለለ።

ሻንጣውን የከፈተችው እርስዋው ራስዋ ናት። ማንም አልመከራትም። አያቱ የሠሩለትን አንዱን የሱፍ ሹራብ አስቀርታ ሌላውን ሁሉ በሳፋ አድርጋ ተሻግራ ሰጠች። ወላዲቱ የማን ልብስ እንደ ሆነ ታውቅ ነበርና እጅዋን ለመዘርጋት ፈራች፤ የሞተ ልጅ ልብስ ክፉ ዕጣ ያመጣል የሚል ወሬ በግቢው ነበረ። አንዲት ሽማግሌ ጎረቤት «ልብስ አይገድልም ልጄ፤ ብርድ ነው የሚገድል» ብለው ሕፃኑን በእጃቸው አለበሱት። ከዚያ በኋላ የዘመዴ ልጅ አንድ ሳምንት ያህል መስኮቷን አልከፈተችም፤ ያን ሰማያዊ ቱታ በሌላ ልጅ ላይ ማየት አልቻለችም። ኀዘኗ ቀለለላት ብዬ ነገሩን አላሳምርላችሁም። እኔ የማውቀው ያ ሕፃን ክረምቱን በደረቅ ልብስ መክረሙን ነው።

ስለ መስጠት ስናወራ እንዴት እንደሚሰጥ ካልተናገርን ግማሹን ተውነው። ቁልፉ የወለቀ፣ ጐኑ የተተረተረ፣ የረጋ ወተት የሚሸት ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ «እንኪ» ማለት ቤትን ማጽዳት እንጂ መስጠት አይደለም። በቋንቋችን ሣጥን የሚዘጋበትም ሸሚዝ የሚያያዝበትም ቁልፍ ይባላል፤ የሣጥኑን ቁልፍ ከማጥበቅ የሸሚዙን ቁልፍ መትከል ይሻላል ብል ቀልዴን ይቅር በሉኝ። ልብሱን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ በመጠን በመጠኑ አስሮ መስጠት ለተቀባይዋ ክብር ነው፤ ደኅና የተደረደረ ሣጥንም የሚመሰገነው እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ነው። ድግስ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት መስጠት ግን ነውር ነው። የተሰጠውን ልብስ «ለምን አላለበስሽውም?» እያሉ መመርመር ከዚያ የባሰ ነው፤ ከሰጠን በኋላ ልብሱ የእርስዋ ነው፤ ብትፈልግ በሳፋ ትለውጠው። ማዋስ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ይነገር። ጎረቤት ከጎረቤት ወንፊቱን፣ ምጣዱን፣ የድግስ ዕቃውን ይዋዋሳል፤ የሕፃን ልብስም በውሰት ቢሄድ ምንም ነውር የለበትም። ክፋቱ ሰጥቶ ሲያበቁ እንዳዋሱ ሆኖ መጠበቅ ነው፤ ጉርብትና በአንዲት ፎጣ ሲበላሽ ማየት የተለመደ ነው።

ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ልጅ ሆናችሁ የተወለዳችሁ አንባቢዎች በዚህ ጽሑፍ ቅር እንዳላችሁ አውቃለሁ። የታላቁን ልብስ ብቻ ለብሶ ያደገ ልጅ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ራሱን ከወንድሙ መለየት ያቅተዋል። ቅሬታችሁ ትክክል ነው። በአንዳንድ ቤት ለበኵሩ ሁሉ አዲስ፣ ለታናሹ ሁሉ አሮጌ ይሆንና ይህ ቁጠባ ተብሎ ይመሰገናል። በመጽሐፍ ቅዱስ የሳሙኤል እናት ሐና ልጅዋን ለእግዚአብሔር ቤት ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበረ እናነባለን። በየዓመቱ መሆኑን ልብ በሉ፤ ልጁን ከሩቅ ሆና በአሳብዋ ትለካው ነበር ማለት ነው። ታናሹም ልጅ እንዲህ ለራሱ ተለክቶ የተሠራ አንድ ነገር ይገባዋል፤ አንድ ኮፍያ እንኳ ቢሆን። የቀረው ከወንድሙ ቢወርድለት አይጐዳውም።

የሕፃኑን ልብስ ለመለየት የሚሻለው ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ ነው። መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ በእርጥበት የሰነበተውን ልብሱን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ የሕፃኑም ሣጥን ያን ቀን ይራገፍ። ልጁም ከፍ ብሎ እንደ ሆነ እዚያው አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ወደ ጎረቤት አይላክ። የሦስት ዓመት ልጅ ድሮ የለበሳትን ቱታ ሲያይ «የእኔ ናት!» ብሎ መንጠቁ አይቀርም። አትቈጡት፤ ውሸትም አትንገሩት። «አዎን፣ ያንተ ነበረች፤ እስቲ ልበሳት» በሉት። አንድ እግሩን ያስገባል፤ ሁለተኛው እንቢ ይለዋል። ጥቂት ይታገላል፤ ወይ ይስቃል፣ ወይ ያለቅሳል። ሲበቃውም አውልቆ ይጥላታል። ያን ጊዜ «ለማን እንስጣት?» ብላችሁ ጠይቁትና የሚጠራውን ስም ስሙ።